ሰማያዊው በር ጋ አትቁሙ

ባሌ መንገድ ሲጠቁም በሴት ነው የሚጠቁመው። ሌላው ሰው ማደያ፣ ባንክ፣ መስጊድ፣ ቤተ ክርስቲያን ይላል፤ የእኔው ሰውዬ ግን "በቆሎ የምትጠብሰዋን ስታገኝ ወደ ግራ" ነው የሚለው። የምንኖርበት የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ብሎኩ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆነ እንግዳ ሲመጣብን መጥፋቱ አይቀርም። ይደውላል። ባሌ ስልኩን ይቀበልና "ከታክሲው ውረድ፤ ድንች ቅቅል የምትሸጠዋን እለፋት፤ ከዚያ ፀጉር የምትሠራዋን ቀይ ልጅ በሯ ላይ ቆማ ታገኛታለህ፤ ከእሷ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ነን" ይለዋል። እንግዳው ሳይሳሳት ይደርሳል። እኔ ግን ሁልጊዜ "ቀይ ልጅ" የምትለዋ ቃል ላይ እቆማለሁ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሱቄ ከቤታችን ሥር ምድር ላይ ነው፤ ያቺ ልጅ ጎረቤቴ ናት። ቀይ መሆኗን ማን ጠየቀው?

ሰውዬው ዕድሜውን የጨረሰው በከባድ መኪና ጅቡቲ መንገድ ላይ ነው። የተጋባነው ቀበና ወንዙ አጠገብ በነበረን አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ሲሆን እዚያ በነበርንባቸው ዓመታት ሁሉ ስለ እሱ የማውቀው አራት ነገር ነበር፤ ይመጣል፣ ይበላል፣ ይተኛል፣ ይሄዳል። ጎረቤቶቻችን "ዝምተኛው" ነበር የሚሉት። የጎረቤት ሚስቶች ደግሞ እኔን "የሹፌር ሚስት፣ ባልሽ በየከተማው ስንት ጎጆ እንዳለው ቆጥረሽ ታውቂያለሽ?" እያሉ ይስቁብኝ ነበር። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ከዚያ ማሽኔ ላይ ተቀምጬ የሰው ቀሚስ እያበላሸሁ አስባለሁ። ቅናት ባንድ ቀን አይመጣም፤ እኔ እንደ ስፌት ቀስ እያልኩ ነው የለመድኩት።

አሁን ጡረታ ወጥቷል። ቀኑን ሙሉ ሰገነት ላይ ተቀምጦ እንጦጦን ያያል። ይኸው አጠገቤ ነው፤ የትም አይሄድም፤ ግን ምን እንደሚያስብ አላውቅም። "ምን ታያለህ?" ስለው "ተራራውን" ይላል። ተራራውንማ እኔም አየዋለሁ።

ነገሩን ያመጣችው ልጃችን ናት። ቀበና ወንዝ ዳር አፍንጫዋን ይዛ ያደገች ልጅ፣ ካደገች በኋላ ሆቴል ገንዳ ውስጥ ዋና ተማረች፤ ዋናው አልበቃ ብሏት ጀርባዋ ላይ የአየር ሲሊንደር አዝላ ውሃ ሥር መግባት ጀመረች። ሲሊንደሩን መጀመሪያ ያየሁት ዕለት የወጥ ቤት ጋዝ መስሎኝ "የት ልታስሞዪው ነው?" ብያታለሁ። አብረዋት የሚጠልቁት ጓደኞቿ ጅቡቲ ባሕር ውስጥ ሊጠልቁ ቀጠሩ። እነሱ በአውሮፕላን ይሄዳሉ፤ እሷ ግን አባቷን በራሷ መኪና ልትወስደው ፈለገች። ያን ሁሉ ዓመት ወደቡ ጋ ጭነት ሲጠብቅ ከመኪናው ሥር ተኝቶ ባሕሩን በአጥር አሾልቆ ነው ያየው፤ አንድ ቀን እንኳ እግሩን ነክሮ አያውቅም። "አባዬ፣ ዘንድሮ ተሳፋሪ ሆነህ ትሄዳለህ" አለችው። እሱም ጫማውን አስጠረገ።

መሄጃቸው ሲቃረብ የዓይኑ ሞራ ባሰና ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ሐኪሙ አቧራም ጉዞም ከለከለው። ቦታው ባዶ ቀረ። እኔም ምሳ ላይ "እኔ ልሂዳ" አልኩ።

ሁለቱም አዩኝ። እሱ በአንድ ዓይኑ ነው ያየኝ፤ ሌላው ታሽጓል።

"እማዬ፣ አንቺ'ኮ ታክሲ ውስጥ አያት ሳትደርሺ ነው የሚያዞርሽ" አለች ልጄ።

"ዘንድሮ አያዞረኝም።"

ባሕር አላማረኝም። ውሃ ከባልዲ ሲያልፍ አልወድም። እኔ የፈለግኩት ሴቶቹን ማየት ነው። ያ ሁሉ ዓመት ለሌሎች ሹፌሮች በስልክ መንገድ ሲጠቁም "መተሐራ ላይ ቀጭኗ፣ አዋሽ ላይ መልከ መልካሟ፣ ገዋኔ ላይ ዓይናማዋ" ሲል የሰማኋቸውን። ከእነሱ አንዷ ባሌን ተካፍላኝ እንደሆነ በዓይኔ አይቼ፣ ወይ ልረፍ ወይ ልበድ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ፓስፖርት አውጥቼ ሰርግ ላይ የምለብሰውን ቀሚስ ተኩሼ አስቀመጥኩ።

ልጄ ስልኳ ላይ ካርታ እንዳላት ብትነግረውም አባቷ "ካርታሽ ሻይ ያፈላል?" ብሎ መንገዱን በድምፁ ቴሌግራም ላይ ቀዳላት። ሰገነቱ ላይ ተቀምጦ፣ ፊቱን ወደ እንጦጦ አዙሮ ነው የቀዳው፤ ተራራው የአፋር በረሃ የሆነ ይመስል በጣቱ ሁሉ ይጠቁም ነበር። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ ሽንኩርት እየከተፍኩ ሰማሁት።

"መጀመሪያ አያት። ባቡሩ የሚያበቃበት ጋ በቆሎ የምትጠብስ ሴት አለች። በቆሎ በሌለበት ወራት ኦቾሎኒ ይዛ ትቀመጣለች። እሷ ፊቷን ወዳዞረችበት ሂዱ። ፈጣን መንገዱ መግቢያ ላይ ካርድ የምትሰጣችሁ ልጅ ከሳቀች መንገዱ ሰላም ነው፤ ካልሳቀች ቀስ በይ። አዳማን ዝም ብለሽ እለፊው፤ አዳማ ውስጥ የማውቃት ሴት የለችም።"

"እንዴት ሆኖ?" አልኩ ከወጥ ቤት። ይህም አብሮ ተቀድቷል።

"መተሐራ ላይ፣ ሐይቁ መንገዱን ሊውጠው የሚታገልበት ጋ፣ ፓፓያ የምትሸጠው ቀጭኗ አለች። ከሌላ እንዳትገዙ፣ ትቀየማለች። አዋሽ ላይ ቁርስ መልከ መልካሟ ቤት ነው፤ አልራበንም ብትሏትም ታበላችኋለች። ከዚያ በኋላ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ ቀጥ ያለ መንገድ እንቅልፍ ያመጣል፤ እናትሽን አስወሪያት። ግመል አስፋልት ላይ ከተኛ ክላክስ እንዳትነፊ፤ ይቀየማል፤ ባለቤቱን ጠብቂ። ገዋኔ ላይ ዓይናማዋን ሰላም በሉልኝ።"

እዚህ ጋ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ቢላዬን አስቀመጥኩ።

"ከገዋኔ አለፍ ስትሉ በስተቀኝ ሰማያዊ በር ያለው ቤት አለ። እዚያ አትቁሙ።"

"ለምን አባዬ?"

"አትቁሙ አልኩ። ዝም ብላችሁ እለፉ።"

ከዚያ ወዲያ ያለውን በችኮላ ነው የተናገረው። ሚሌ ላይ ፍተሻ፣ ሎግያ ላይ አዳር፣ ጋላፊ ላይ ድንበር፣ ቁልቁለቱን በማርሽ እንጂ በፍሬን እንዳትወርድ። መጨረሻ ላይ "ከዚያ ባሕሩ ነው። ባሕሩ ውስጥ የማውቃት ሴት የለችም፤ እዚያ አንቺው ታውቂያለሽ" ብሎ ዘጋ። ልጄ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። በመንገዱ ሁሉ ቁሙ፣ ብሉ፣ ሰላም በሉ ሲል ቆይቶ አንድ በር ጋ ብቻ አትቁሙ ያለ ሰው ምን ደብቆ ነው? ሽንኩርቱ ዓይኔን እያቃጠለው ነበር፤ ለእንባዬ ሰበብ አላጣሁም።

ጠዋት ወጣን። ከአባዶ አያት ለመድረስ የፈጀብን ጊዜ፣ ሚኒባሱ እየተጋፋን፣ አገር ያቋርጣል። አያት ላይ በቆሎ ጠባሿ እንዳለው እዚያው ተቀምጣለች፤ ፀሐዩ ስላስቸገራት ግን ፊቷን ወደ ሰሜን አዙራለች። "በእሷ ከሄድን እንጦጦ ላይ ነው የምንጠልቀው" አለች ልጄና ስልኳን አበራች። ፈጣን መንገዱ ላይ ካርድ የምትሰጠው ልጅ ሳቀችልን። እኔ ግን ለእኔ ነው ለእሱ የምትስቀው ብዬ ዞሬ አየኋት። ልጅቷ እሱ ጡረታ ሲወጣ ገና ተማሪ የነበረች ሳትሆን አትቀርም።

መተሐራ ላይ "ቀጭኗ" የምትባለዋን ስናገኝ ሁለት ወንበር ላይ ነው የተቀመጠችው። ደስ አለኝ። ነጠላዬን አስተካክዬ ወረድኩና "ድሮ እዚህ የሚያልፍ አንድ የጅቡቲ ሹፌር ነበር፣ ረጅም፣ ዝምተኛ" አልኳት።

"ዝምተኛ? አላውቅም።"

ስልኬ ላይ ያለውን ፎቶ አሳየኋት። ሴትዮዋ እጇን አጨበጨበች። "ይሄማ ተጫዋቹ ነው! ተጫዋቹ ዝምተኛ? እዚህ ሲቆምማ ገበያው ይቆማል! የትራፊክ ፖሊሱን አረማመድ ሲያሳየን ፓፓያዬን ጥለን ነበር የምንስቀው። አለ? ደህና ነው? አንቺ ማነሽ?"

"ሚስቱ።"

"ታድለሽ!" አለችና ሁለት ፓፓያ በነፃ ሰጠችኝ። መኪና ውስጥ ገብቼ ፓፓያዎቹን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩና እስከ አዋሽ ድረስ አልተናገርኩም። ልጄ "እማዬ አዞረሽ?" ስትለኝ "አዎ" አልኳት።

አዋሽ ላይ ያለችው መልከ መልካም ደግሞ ከእናቴ ዕድሜ ብዙ የማታንስ ሆና አገኘኋት። አሁንም መልከ መልካም ናት፤ እሱ አልዋሸም። "ልጄ፣ የተጫዋቹ ሚስት ነሽ?" ብላ ሳመችኝ። እንዳለው አልራበንም ብንልም ፍርፍር አቀረበች። እየበላን "ይዘፍናል አሁንም?" አለችኝ።

"ማን?"

"ባልሽ ነዋ!"

ባሌ ሲዘፍን ሰምቼ አላውቅም። በሠርጋችን ቀን እንኳ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ ነው ያየሁት። "ድምፁ ጥሩ ነበር?" አልኳት።

"ውይ፣ አስቀያሚ ነው!" አለች አሮጊቷ። "ግን ይዘፍናል። ልጅሽ በሕፃንነቷ ታማ ሆስፒታል የነበረች ጊዜማ እዚህች ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ እኛም አብረን አለቀስን።"

ያን ጊዜ ቀበና እኔ ብቻዬን ነበር ያለቀስኩት። እሱ ሲመጣ "ተሻላት?" አለኝ፤ "ተሻላት" አልኩት፤ በላና ተኛ። ሌላ ቃል አልወጣውም። የእኔ ልጅ ስትታመም ያለቀሰው እንባ አዋሽ ላይ ነው የቀረው።

ወጣት ቆንጆ ባገኝ ይቀለኝ ነበር። ሰድቤ፣ አልቅሼ፣ ፍቺ ጠይቄ ይወጣልኝ ነበር። አሮጊት ላይ ሰው ምን ብሎ ይቀናል? እኔ ግን ቀናሁ። ፍርፍሩ ጣፋጭ በመሆኑ ሁሉ ተናደድኩ።

ገዋኔ ስንደርስ ዓይናማዋ አርፋለች አሉን። እህቷ ነች ቤቱን የያዘችው፤ በእሷም ፊት ላይ ትልልቅ ዓይን አለ። "ተጫዋቹ ሲሰማ ምን ይል ይሆን" አለች። ምን እንደሚል አላውቅም ማለት አሳፈረኝ፤ "ያዝናል" አልኳት።

ከገዋኔ ወዲያ መንገዱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ልጄ አስወሪኝ ብትለኝም አላወራኋትም፤ በስተቀኝ በኩል ያለውን በር ሁሉ እያየሁ ነበር። አረንጓዴ፣ ቆርቆሮ፣ በር የሌለው። ከዚያ ሰማያዊ።

"ቁሚ!"

"እማዬ፣ አባዬ'ኮ አትቁሙ ብሏል።"

"ለዚህ ነው ቁሚ ያልኩሽ።"

ቀሚሴን አራግፌ ገባሁ። ከውስጥ በእኔ ዕድሜ ያለች፣ እጇን ሂና የተቀባች፣ አንድ ጥርሷ ወርቅ የሆነች ሴት ወጣች። እሷን ሳይ "አገኘሁሽ" አልኩ በልቤ። ተጫዋቹ የሚባለውን ሹፌር ታውቂዋለሽ ወይ ስላት ትንሽ አሰበች።

"በስም አውቀዋለሁ። እዚህ ግን ቆሞ አያውቅም። ክላክስ ነፍቶ ሰላም ብሎ ያልፋል።"

አወይ ውሸታም! ለማረጋገጥ መቀመጥ ነበረብኝ፤ ለመቀመጥ ደግሞ ማዘዝ። ጥብስ አዘዝኩ። ልጄ ብስኩቷን ይዛ መኪና ውስጥ ቀረች። እየጎረስኩ ቤቱን በዓይኔ ፈተሽኩ። ግድግዳው ላይ የወንድ ኮፍያ ተሰቅሏል።

"ይሄ ኮፍያ የማን ነው?"

"የባሌ" አለች። በዚህ መሃል ሽርጥ የታጠቀ ወፍራም ሰውዬ ጭልፋ ይዞ ከጓዳ ብቅ አለና "ጥብሱ እንዴት ነው፣ እናቴ?" አለኝ። አብሳዩ እሱ ነበር።

"ጥሩ ነው" አልኩት። ጥሩ አልነበረም። ግን ሁለቱ ቆመው እያዩኝ መተው ከበደኝና ጠርጌ በላሁት።

ሚሌ ሳንደርስ ጀመረኝ። ዝርዝሩ ይቅርባችሁ። በዚያ አገር ደግሞ ሰው የሚከልል ቁጥቋጦ ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው፤ ልጄ ጃንጥላ ዘርግታ እየቆመችልኝ፣ በግራ ግመል፣ በቀኝ ፍየል እያየን፣ ሎግያን፣ ጋላፊን፣ ያንን ሁሉ ቁልቁለት አለፍን። የሰርግ ቀሚሴ እንደ መወልወያ ጨርቅ ተንከርፍፎ ነበር ባሕሩ ዳር የደረስነው። ባሕሩን አየሁት፤ ትልቅ ነው።

በማግሥቱ ልጄ ከጓደኞቿ ጋር ለመጥለቅ ሄደች። እኔ የእንግዳ ማረፊያው አልጋ ላይ ተጋድሜ፣ ማራገቢያው እየዞረ፣ በዋይፋይ ባሌ ጋ ደወልኩ። ልጣላው ነበር የደወልኩት። "ሰማያዊው በር ጋ ቆምኩ" አልኩት ገና አቤት ሳይል።

"በላሽ?" አለኝ።

"በላሁ።"

ሳቀ። እንዲህ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም፤ መጀመሪያ ሌላ ሰው ስልኩን የነጠቀው መሰለኝ። "አንቺ ሴትዮ! እዚያ በልቶ ጋላፊን በሰላም ያለፈ ሹፌር የለም'ኮ! አትቁሙ ብዬሽ!"

"ታዲያ ምግቡ ያማል አትልም ነበር?"

"እንዴት እላለሁ? ሹፌር የሰው ቤት በክፉ አያነሳም። አንዱ 'እዚያ ያሳምማል' ካለ ወሬው ከሞጆ እስከ ወደቡ ይዳረስና ቤቱ ይዘጋል። ልጆች አሏቸው። 'ዝም ብለህ እለፍ' ነው የምንባባለው፤ የሰማ ያልፋል። አንቺ ነሽ የማትሰሚ።" እንደገና ሳቀ። "ውሃ ውስጥ ስኳርና ትንሽ ጨው ጨምሪ። ቀስ እያልሽ ጠጪ። ስልኩን አትዝጊ።"

አልዘጋሁትም። እሱም ያወራ ጀመር። አንድ ጊዜ ሚሌ ላይ ፍየል መኪናው ውስጥ ገብታ አብራው አዲስ አበባ ስለመጣች አወራልኝ። ጭነት ሲጠብቅ ከአጥሩ ወዲያ ያለውን ባሕር እያየ ልጁ ዋና ብትችል ብሎ ይመኝ እንደነበር አወራልኝ። የትራፊክ ፖሊሱን አረማመድ በስልክ ሊያሳየኝ ሞከረ፤ አልታየኝም፤ ግን ሳቅኩ፣ ሆዴን እያመመኝ ሳቅኩ። ዓይናማዋ ማረፏን ነገርኩት። ስለ እሷም አወራልኝ፤ ደግ እንደነበረች፣ አንድ ጊዜ መኪናው ሲበላሽበት ምሳ በግመል እንደላከችለት። ሲያለቅስም ሰማሁት። ከዚያ ዝፈን አልኩት። ዘፈነ። ድምፁ እውነትም አስቀያሚ ነው።

"ለምንድን ነው ቤት ውስጥ እንዲህ የማታወራው?" አልኩት።

ጥያቄው የገረመው ይመስለኛል። "መንገድ ላይ ካላወራሁ እንቅልፍ ይወስደኛል" አለ። "ከወሰደኝ ሞትኩ ማለት ነው። እነዚያ ሴቶች ሻይ ብቻ መሰለሽ የሚሸጡት? አስወርተውኝ፣ አስቀውኝ ነው ነቅቼ የምሄደው። ቤት ስገባ ግን ደርሻለሁ። የደረሰ ሰው ምን ያወራል? አንቺ ጋ ነው ያለ ፍርሃት የምተኛው።"

ከዚህ የተሻለ ነገር ከባሏ አፍ የምትሰማ ሚስት ብዙ አይደለችም፤ አውቃለሁ። አእምሮዬ ተቀበለው፤ ሆዴ ግን እምቢ አለ። ስንት ዓመት እነሱ የነቃውን ወሰዱ፣ እኔ የተኛውን ወሰድኩ። ሌላ ሴት የለችም፤ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን አንዲት ብትሆን እኮ እጣላታለሁ። ይሄን ሁሉ መንገድ እንዴት አድርጌ ልጣላው?

ልጄ ከሰዓት በኋላ ዓይኗ ዙሪያ የመነጽሩ ክብ ታትሞባት ተመለሰች። ውሃ ሥር ሰላማዊ ነው አለች። "መንገዱን እንዴት ታውቁታላችሁ?" አልኳት። "ጀልባው መልህቅ ከጣለበት ትወርጃለሽ፤ ድንጋይ ሥር አንዲት ትልቅ ወፍራም ዓሣ አለች፣ ሁሌም እዚያ ናት፤ እሷን ስታገኚ ወደ ግራ" አለችኝ። የአባቷ ልጅ!

ስንመለስ ደግሞ በእኔ ነው መንገዱን ስትጠቁም የነበረችው። "እማዬ የወረድሽበት ድንጋይ አለፈ፤ ጃንጥላው የተገለበጠበት ጋ ነን፤ እማዬ ፍየሎቹን የተቆጣሽበት ደርሰናል።" እየተናደድኩ ስቄአለሁ። የጅቡቲ መንገድ ላይ እኔም ምልክት ሆንኩ። በሰማያዊው በር ስናልፍ ልጄ ክላክስ ነፋች፤ እኔም በመስኮት እጄን አወዛወዝኩ።

አባዶ ስንደርስ ባሌ በሩን ከፈተ። ዓይኑ ተፈቷል። እኔ ያን በስልክ የሰማሁትን ሰውዬ ነበር የጠበቅኩት። "ደህና ገባችሁ?" አለ። "ደህና" አልን። በመልሱ ከቀጭኗ የገዛነውን ፓፓያ ተቀበለኝ፣ አሽትቶ አስቀመጠው፣ ራት በላ፣ ተኛ። በነጋታው ሰገነቱ ላይ ወጥቶ እንጦጦን ማየት ጀመረ። አጠገቡ ተቀምጬ ስለ ፍየሏ ድገምልኝ አልኩት። "ነገርኩሽ እኮ" አለ። ዝፈን አልኩት። አፍሮ ሳቀና ውሃ ጠየቀኝ። ሳምንቱ እንዲህ አለቀ። ጅቡቲ ድረስ ሄጄ ያገኘሁት ሰውዬ አያት ላይ ወርዶ የቀረ ይመስል ነበር። በዚያ ሳምንት ከመሄዴ በፊት ከቀናሁት ይበልጥ ቀናሁ፤ አሁን የቀረብኝን አውቄዋለሁና።

አንድ ከሰዓት ሱቄ ውስጥ ለኪስ የሚሆን ጨርቅ እየቀደድኩ ሳለሁ ትዕግሥቴ አለቀ። መቀሱን አስቀምጬ ስልኬን አነሳሁና ደወልኩለት። ከላይ ስልኩ ሲጮህ በጆሮዬም ይሰማኛል።

"አቤት" አለ።

"አዋሽ ነኝ" አልኩት።

"የት?"

"አዋሽ። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ እንቅልፍ ሊወስደኝ ነው። አጫውተኝ።"

በሩ ላይ ወጥቼ ሽቅብ አየሁ። ሰገነቱ ላይ ተቀምጧል፤ ስልኩን ጆሮው ላይ ይዞ ፊቱን ወደ ተራራው አድርጓል። ቁልቁል ቢያይ ያየኛል። አላየም።

"ሙቀቱ እንዴት ነው?" አለ በመጨረሻ።

"አይጣል ነው።"

"መስኮቱን ክፈቺ" አለኝ። ወንበሩን ሲያስጠጋ ሰማሁት። "ስሚ እንግዲህ፤ እዚያ አዋሽ ድልድዩ ጋ አንድ ጊዜ ምን ሆነ መሰለሽ..."

ማሽኔ ጋ ተመለስኩ። ድምፁ በስልክም በሰገነትም ይመጣል። ትንሽ ቆይቶ ሳቁ ብሎኩን ሞላው። ፀጉር የምትሠራው ቀይ ልጅ ከሱቋ ወጥታ ሽቅብ አንጋጠጠችና ወደ እኔ በር መጣች።

"እትዬ፣ ማነው እንዲህ የሚስቀው?"

"ባሌ ነው" አልኳትና በሩን መለስ አደረግኩባት። ሚሌ ገና አልደረስኩም።